ጾምና የጠበበ ጨጓራ

ስለ ጾም ሕግ የጻፉ የየሃይማኖቱ ሊቃውንት አንድን ነገር ሳይናገሩት እንደ ታወቀ ይቈጥሩት ነበር፤ ይኸውም ጿሚው እንደ ተፈጠረ ያለ ሙሉ ጨጓራ ያለው ሰው መሆኑን ነው። ቀን የተራበ ማታ ይጠግባል፤ ቀን የተጠማም ማታ ይረካል። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ይህን የተለመደ ሥርዐት የሐኪም ቢላዋ ለውጦታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያ ለውጥ ከጥንታውያኑ ሕግጋት ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የቀዶ ሕክምናውን ታሪክ የሙያ ባልደረቦቻችን ስለሚያውቁት ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1954 በሚኒሶታ ክሬመን፣ ሊነርና ኔልሰን የተባሉ ሐኪሞች የቀጭኑን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ከምግብ መንገድ ውጭ የሚያደርግ ዘዴ ለሙያው ዓለም አቀረቡ። በዚህ መንገድ ክብደት ቢቀንስም ታካሚዎች በተቅማጥ፣ በኵላሊት ጠጠርና በጉበት ሕመም ስለ ተጐዱ ዘዴው ኋላ ተተወ። በ1966 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሌላ መንገድ ጀመረ። ሜሰን ያስተዋለው ቀላል ነገር ነበር፤ በቍስል ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቈረጠላቸው ሰዎች ከሲታ ሆነው ይቀሩ ነበር። ዛሬ ባይፓስ በሚባለው በዚያ ዘዴ ለታካሚው የሚቀርለት ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም የቡና ሲኒ ግማሽ ያህል ነው። ስሊቭ በሚባለው በኋለኛው ዘዴ ደግሞ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚያህለው ተቈርጦ ይወጣል። የተቈረጠውም አይመለስም፤ የነገራችን ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው።

ስሊቭ በዓለም ላይ ከተመሳሳይ ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ቀዳሚውን ቦታ የያዘው በ2010ሮቹ አጋማሽ ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በሰፊው ተስፋፍቶ ነበር። የረመዳን ወር በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2014 የጀመረው በሰኔ መጨረሻ፣ በ2018 ደግሞ በግንቦት አጋማሽ ነበር። አጋጣሚው ያስገርማል፤ አዲሱ ቀዶ ሕክምና በተስፋፋበት ዘመን ጾሙ በዓመቱ ረጅምና ሞቃት ወራት ላይ ዋለ። በኵዌት በዚያ ወቅት ከንጋት እስከ ፀሓይ ጥልቀት ያለው ጊዜ 15 ሰዓት ይሻገራል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ እየተጎነጨ እንዲጠጣ የታዘዘ ሰው ይህንኑ በቀሩት ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ውስጥ ማዳረስ ሊኖርበት ነው። በአንድ ትንፋሽ እንዳይጠጣ ቦታ የለውም። በኢፍጣር ሰዓት በተምርና በጣፋጭ መጠጥ እንዳይጀምር፣ በተለይ ባይፓስ የተደረገለት ሰው ስኳሩ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ማዞር ይገጥመዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? ቁርኣን ለታመመና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲጾሙ ፈቅዷል፤ ጾሙን መቋቋም ለማይችለውም ድኻን የማብላትን ፊድያ ደንግጓል። ሊቃውንቱ ከዚህ ተነሥተው የመዳን ተስፋ ያለውን በሽተኛ ከሌለው ለይተዋል። የእኛ ታካሚ ግን ከሁለቱም አይደለም። ስኳር በሽታው ለቆታል፤ ደረጃ ይወጣል፤ ሥራ ይሠራል። በሽተኛ ነኝ ቢል ጎረቤቱም ራሱም አያምኑትም፤ ጤነኛ ነኝ ቢል ደግሞ ጨጓራው ይከራከረዋል። ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት እስኪያልፍ እንዲታገሥ ይመክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው በየሰዉ ሁኔታ የሚወሰን ነው። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት በዚህ ጕዳይ የታመነ ሐኪምን ቃል ይቀበላሉ። ሐኪሙ ግን ብዙ ጊዜ «ይህን ሼኹን ጠይቅ» ብሎ ያሰናብታል፤ ሼኹም መልሶ ወደ ሐኪሙ ይልካል። በሁለቱ መካከል የቀረው ታካሚ ዝም ብሎ ይጾማል፤ ለማንም አይናገርም። ከጾሙ ይልቅ የምፈራው ይህን ዝምታ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው በተነጋገሩበት ጊዜ ግን መልስ ተገኝቷል። መቀመጫውን በጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ባደረገው 10ኛ ጉባኤ፣ በቆዳ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ምግብነት ያለው ፈሳሽ ካልሆነ በቀር ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ ከባይፓስ በኋላ አስፈላጊ የሚሆነው የቫይታሚን ቢ-12 መርፌ በረመዳን የሚቋረጥበት ምክንያት የለም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ የሚከብደው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የምግቡ ዓይነት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያትና ሌሎቹ ሲጨመሩ ሥጋ፣ ወተትና ዕንቍላል የማይበላበት ጊዜ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይወስዳል። ቢ-12 በተፈጥሮ የሚገኘው ደግሞ ከእነዚህ ነው። በባይፓስ የተነሣ ቫይታሚኑን በሚገባ መቀበል የተሳነው ሰው ምንጩንም ሲያጣ ጕዳቱ ድርብ ይሆናል። ስለ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ሽሮና ምስር ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ነገር ግን በ100 ግራም የተቀቀለ ምስር ውስጥ ያለው ፕሮቲን 9 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ታካሚው በቀን የሚያስፈልገውን 60 ግራም ከምስር ብቻ ለማግኘት ከ650 ግራም በላይ መብላት አለበት። ያን ያህል የሚይዝ ጨጓራ የለውም። በብዛት የሚታዘዘው የፕሮቲን ዱቄትም ከወተት አጓት የተሠራ ስለሆነ ጿሚው ሳይናገር ይተወዋል፤ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ እንዳለ የሚነግረው ሐኪም ቢያገኝ ግን በጾሙም በሕክምናውም ይጸና ነበር።

ፍትሐ ነገሥት በሕመም የደከመን ሰው ከጾም ግዴታ አይጨክንበትም። ከዚያም በላይ የንስሐ አባት የልጁን አቅም አይቶ ማቅለል መቻሉ ከሐኪም ምክር ጋር የሚገጥም የቈየ ሥርዐት ነው። ሆኖም የንስሐ አባቱ የሚያቀልለት የተነገረውን ብቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ሐኪሙ ሁዳዴን የማያውቅ፣ ካህኑም ባይፓስን ያልሰማ ሊሆን ስለሚችል፣ አስታራቂው ታካሚው ራሱ ይሆናል። ከቀዶው በፊት በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ አለርጂና ስለ ሲጋራ ይጠየቃል፤ ስለ ጾም አንድ መሥመር ቢጨመር የሚያስወጣው ወጪ የለም።

ረመዳን በአሁኑ ጊዜ ወደ ክረምቱ አጫጭር ቀኖች እየተጠጋ ነው፤ በ2030ም በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በታኅሣሥ ይጀምራል። ወደ ሰኔ የሚመለሰው በ2040ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ በ30 ዓመቱ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ያን ጊዜ ከ50 ዓመት ያልፋል፤ ጨጓራው ግን ያው ይሆናል።