አውቶማቲክ የኮድ ግምገማ በኮንቴይነር በሚሠሩ የድረ ገጽ መተግበሪያዎች

አውቶማቲክ የኮድ ግምገማ ማለት ፕሮግራመሮች በአንድ ሶፍትዌር ላይ ያደረጉት ለውጥ ከዋናው ኮድ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ሌላ ፕሮግራም ተመርምሮ፣ ስሕተቱ፣ የደኅንነት ክፍተቱና ከአጻጻፍ ደንብ የወጣው ነገር በመስመር ቁጥር ተለይቶ ለጸሐፊው የሚመለስበት አሠራር ነው። የሚመረመረው ሥራ በኮንቴይነር ታሽጎ በሰርቨር ላይ የሚሠራ የድረ ገጽ መተግበሪያ ሲሆን የግምገማው ወሰን ይሰፋል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ፕሮግራመሩ የጻፈው ኮድ ብቻ ሳይሆን አብረውት የታሸጉት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይሎችና ከሌሎች የተወሰዱ ላይብረሪዎች ጭምር ናቸውና።

ኮድን ከጸሐፊው ሌላ ዓይን እንዲያየው ማድረግ ከኮንቴይነር እጅግ የቀደመ ልማድ ነው። የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ማይክል ፌገን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ገምጋሚዎች የየራሳቸው ድርሻ ተሰጥቷቸው ኮዱን በስብሰባ የሚፈትሹበትን ሥርዓት ያስተዋወቀ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ስሕተትን በጊዜ በመያዝ ቢመሰገንም የብዙ ባለሙያ ሰዓት የሚበላ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት በቤል ላብራቶሪዎች ስቲቨን ጆንሰን የሠራው ሊንት ደግሞ በሲ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ሳያስኬድ እያነበበ፣ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ የሚያሳልፋቸውን አጠራጣሪ አጻጻፎች ይጠቁም ነበር፤ የዚህ ዓይነት መርማሪዎች ዛሬም ሊንተር ይባላሉ። ሁለቱ መንገዶች በሰፊው የተገናኙት ጊትሃብን የመሰሉ አገልግሎቶች ፑል ሪኩዌስትን፣ ማለትም አንድ ፕሮግራመር ለውጡን ከቀድሞው ኮድ ጋር አነጻጽሮ እያሳየ እንዲቀላቀልለት የሚጠይቅበትን መንገድ ካስለመዱ በኋላ ነው፤ ሰውም ማሽንም በአንዱ መስመር ሥር አስተያየት ማስፈር የቻሉት በዚህ ነው።

ኮንቴይነር በበኩሉ አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ከልሎ የሚያስኬድ ዘዴ ነው። ከቨርችዋል ማሽን በተለየ የራሱ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ የለውም፤ የሰርቨሩን የሊኑክስ ከርነል ከሌሎች ጋር እየተጋራ፣ ኔምስፔስ በተባለው የከርነል ባሕርይ የሚያየው ነገር ይከለልለታል፣ ሲግሩፕ በተባለው ደግሞ የሚወስደው ሜሞሪና የፕሮሰሰር ጊዜ ይመጠንለታል። እነዚህ ባሕርያት ቀድሞም የነበሩ ቢሆኑም ለብዙኃኑ ፕሮግራመር የቀረቡት ሰሎሞን ሃይክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከርን ይፋ ካደረጉ በኋላ ነው። በዶከር አሠራር ኮንቴይነሩ የሚነሣው ኢሜጅ ከተባለ ጥቅል ሲሆን፣ ኢሜጁ የሚገነባው ዶከርፋይል በተባለ የጽሑፍ ፋይል ላይ በተራ በሰፈሩ ትእዛዞች ነው፤ ፋይል የሚጨምር ወይም የሚለውጥ እያንዳንዱ ትእዛዝም በቀደመው ላይ የሚደረብ አንድ ንብርብር ይፈጥራል።

ሰው የሆነ ገምጋሚ በቀላሉ የሚታለለው በዚህ በንብርብሩ ላይ ነው። አንድ ፕሮግራመር ከመሥሪያ ቤቱ የግል ማከማቻ ላይብረሪ ለማውረድ ሲል የመግቢያ ቁልፍ የያዘ ፋይል በአንደኛው ትእዛዝ ወደ ኢሜጁ ገልብጦ፣ በሁለተኛው ላይብረሪውን አውርዶ፣ በሦስተኛው ቁልፉን ቢሰርዘው፣ ዶከርፋይሉን ከላይ ወደ ታች ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ይመስላል፤ ኮንቴይነሩን አስነሥቶ ውስጡን ቢፈትሽም ፋይሉን አያገኘውም። ስረዛው ግን በላይኛው ንብርብር ላይ ፋይሉ እንዳይታይ ምልክት ከማድረግ አያልፍም፤ የታችኛው ንብርብር እንዳለ ስለሚቆይ ኢሜጁን ያወረደ ማንም ሰው ንብርብሮቹን ለያይቶ ቁልፉን ማንበብ ይችላል። ምስጢር ፈላጊ የሆነው አውቶማቲክ መርማሪ እያንዳንዱን ንብርብር ለብቻው ፈትቶ የቁልፍ ቅርጽ ያላቸውን ጽሑፎች ስለሚያስስ በስረዛው አይሸነገልም። መፍትሔው ቁልፉን ለአንዱ የግንባታ ትእዛዝ ብቻ በጊዜያዊነት ማሳየት፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዶከር በገባው ባለብዙ ደረጃ ግንባታ ዝግጅቱን በጊዜያዊ ኢሜጅ ጨርሶ የተፈለገውን ውጤት ብቻ ወደ መጨረሻው ኢሜጅ መገልበጥ ነው።

ከኢሜጅ ግንባታ ቁልፍ ማምለጡ በሐሳብ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። ኮድኮቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 እንዳስታወቀው፣ በዶከር ኢሜጅ አዘገጃጀቱ ላይ በነበረ ስሕተት ሰርጎ ገብ የመግቢያ ቁልፍ አግኝቶ፣ ደንበኞች በየግንባታቸው የሚያስኬዱትን ስክሪፕት ከጥር መጨረሻ ጀምሮ በተለያየ ጊዜ ለውጦታል። ኩባንያው የሚሸጠው አገልግሎት የኮዱ ምን ያህል ክፍል በሙከራ እንደተሸፈነ የሚለካ፣ በራሱ የጥራት መቆጣጠሪያ መሆኑ ጉዳዩን የባሰ ያደርገዋል።

ሃዶሊንትን የመሰሉ የዶከርፋይል ሊንተሮች ከዚህ የቀለሉ ግን የተደጋገሙ ግድፈቶችን ይይዛሉ፦ መነሻ ኢሜጁ የስሪት ቁጥር ሳይጠቀስለት ሲቀር ዛሬ የተገነባውና ከወር በኋላ የሚገነባው እንደሚለያዩ፣ ፕሮግራሙ ሁሉ በተፈቀደለት በሩት ተጠቃሚ ሥልጣን እንዲሠራ መታዘዙ ጥቃት ቢደርስ ጉዳቱን እንደሚያሰፋ ያሳስባሉ። የመተግበሪያውን ኮድ የሚመረምሩት ደግሞ ተጠቃሚ በቅጽ ላይ የሞላው ጽሑፍ ሳይጣራ ወደ ዳታቤዝ ትእዛዝ የሚደርስበትን መንገድ ከፋይል ወደ ፋይል ይከታተላሉ፤ ይህ ከኮንቴይነር ውጭም ያው ነው።

በኢሜጁ ውስጥ ያሉ ጥቅሎች የሚፈተሹት በሌላ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ክሌርና በ2019 የወጣው ትሪቪ የተባሉ መርማሪዎች የጥቅሎቹን ስምና ስሪት ዘርዝረው፣ ሲቪኢ በተባለው የመለያ ቁጥር ከተመዘገቡ የታወቁ ክፍተቶች ጋር ያመሳክራሉ። እዚህ ላይ ለውጥን ብቻ የሚጠብቅ ግምገማ ድክመቱ ይጋለጣል። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በጃቫው ሎግ4ጄ ላይብረሪ የተገኘው ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ ማንም አንዲት መስመር ሳይነካቸው የቆዩ ኢሜጆች በአንድ ቀን ለአደጋ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ ፍተሻው ፑል ሪኩዌስት በቀረበ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ ባሉት ኢሜጆችም ላይ በየጊዜው መደገም አለበት። በአንጻሩ የዚህ ዓይነት ዝርዝር መተግበሪያው ፈጽሞ የማይጠራቸውን ጥቅሎችም ስለሚያካትት፣ አንባቢውን በማያስፈልግ ማስጠንቀቂያ ያሰለቻል።

ለዚህ አሠራር ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ይኸው መሰልቸት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሄንሪ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ቲዎረም እንደሚያስረዳው፣ የማንኛውንም ፕሮግራም ባሕርይ አንብቦ ያለ ስሕተት የሚፈርድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር አይችልም፤ መርማሪው ወይ አንዳንዱን ጥፋት ያሳልፋል፣ ወይ ጥፋት ያልሆነውን ይከሳል። ጉግል ትሪኮርደር ለተባለው የውስጥ መድረኩ ያወጣው ደንብ ከዚህ አንጻር አስተዋይ ነው፤ ፕሮግራመሩ አስተያየቱን «አይጠቅምም» ብሎ መመለስ ይችላል፣ እንዲህ ያለው መልስ ከ10 በመቶ በላይ የሚደርስበት መርማሪም እስኪሻሻል ድረስ ሊነሣ ይችላል።

ገምጋሚው ራሱ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ኢሜጁን ገንብቶ፣ ኮንቴይነሩን ከዳታቤዙ ጋር አስነሥቶ መሞከር ማለት ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የላከውን ፕሮግራም ማስኬድ ማለት ነው። ለሙከራው ኮንቴይነር የዶከር ሶኬት፣ ማለትም ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበት በር፣ ከተሰጠው ሰርቨሩን በሙሉ እንደመስጠት ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ራንሲ በተባለው የኮንቴይነር ማስኬጃ ላይ የተገኘው ክፍተትም ሶኬት ባይሰጥም ከኮንቴይነር ወጥቶ ሰርቨሩን መቆጣጠር ይቻል እንደነበር አሳይቷል። በመሆኑም ከውጭ የመጣ ለውጥ የሚሞከረው ምስጢራዊ ቁልፎች በሌሉበትና ከሥራው በኋላ በሚጠፋ ማሽን ላይ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጡት በትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች የሚሠሩ ገምጋሚዎች በየትኛውም ደንብ ያልሰፈረን ነገር፣ ለምሳሌ የተግባሩ ስምና ሥራው አለመጣጣሙን፣ ይጠቁማሉ፤ ይሁን እንጂ ለአንዱ ለውጥ ዛሬና ነገ የተለያየ መልስ ሊሰጡ፣ የሌለ ስሕተትም በሙሉ ልብ ሊያወሩ ይችላሉ። ለውጡን የላከው ሰው በኮዱ ማብራሪያ ውስጥ ለሞዴሉ የተጻፈ ትእዛዝ ሸሽጎ ፍርዱን ሊያዛባም ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ቡድኖች ለእነዚህ ገምጋሚዎች አስተያየት የመጻፍ እንጂ የማጽደቅ ሥልጣን አይሰጧቸውም፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ የሌላውን ቅርንጫፍ ሒሳብ ማየት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ዓይነት ጥያቄ የሚመልሰው፣ የሥራውን ጠባይ የሚያውቀውና ለውጡን የሚያጸድቀው ሰው ነው።