ውሃ አዘል ረጊ፦ ለሃይድሮጄል የሚስማማ አማርኛ

ከሆሳዕና ገበያ ቡላ ገዝቶ የሚገባ ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ማድጋው ውስጥ አለው። ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ይፈስሳል። እሳት ላይ ሲጣድና ሲማሰል ግን እየወፈረ፣ እየጠራ ሄዶ ማማሰያውን ያከብደዋል። ውሃው የት ሄደ? የትም አልሄደም። የቡላው ቅንጣቶች ውሃውን ጠጥተው አበጡ፤ ከውስጣቸው የወጡት ረጃጅም ሞለኪውሎች ደግሞ እንደ መረብ ተጠላልፈው የቀረውን ያዙት። በዚሁ ቡላ አተካና ለመሥራት ምድጃ ዳር የተቀመጠች የሀዲያ እናት ይህን ለውጥ በእጇ ታውቀዋለች።

ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን፣ ውሃ በመረቡ ይዞ የሚቆም ነገር ሃይድሮጄል ይሉታል። ነገሩ የሕክምናን በር ያንኳኳው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚያ ዓመት ኦቶ ቪክተርሌ እና ድራሆስላቭ ሊም የተባሉ የቼኮዝሎቫኪያ ኬሚስቶች ለሰውነት የሚስማማ ውሃ ያዘለ ፕላስቲክ አስተዋወቁ። ዓይን ላይ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስ የተገኘው ከዚያ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ዝልግልግ» የሚሉ አሉ። የተዘፈዘፈ ተልባን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚነግረን እጅ ላይ ያለውን ስሜት ብቻ ነው። «ሙጫ» ደግሞ ማጣበቁን እንጂ ውሃውን አያነሣም። እኔ የምመርጠው «ረጋ» የሚለውን ግሥ ነው። ወተት ሲኮመጥጥ ይረጋል፤ የተነጠረ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ከቆሰለ ጣት የወጣ ደምም ይረጋል። ፈሳሽ የነበረው ባለበት መቆሙን በአንድ ቃል የሚናገር ሌላ ግሥ የለንም። ስለዚህ «ውሃ አዘል ረጊ» ብያለሁ። በመርፌ የሚገባውን ዓይነት «ተወጊ» ማለት ያሳስታል፤ ተወጊ የሚወጋው ሰው ነውና። «በመርፌ የሚሰጥ ውሃ አዘል ረጊ» ረዘም ቢልም የማያሻማ ነው።

ይህ ረጊ በመርፌ ሲያልፍ ፈሳሽ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይረጋል። አንዳንዱን የሚያረጋው የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ሌላውን አሲድነት፣ ሌላውን በመርፌው ጫፍ የሚገናኙ ሁለት ፈሳሾች ያረጉታል። ቶሎ ከረጋ መርፌውን ይዘጋል፤ ከዘገየ ፈስሶ ይሄዳል። የሙያው ጭንቅ እዚህ ላይ ነው።

ለካንሰር የተፈለገበት ምክንያት እነሆ። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ ፀጉር የሚረግፈው፣ ማቅለሽለሽ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሁለት መድኃኒቶች ሲሰጡ ደግሞ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት በጉበትና በኩላሊት ይወገዳልና እብጠቱ ዘንድ በሚፈለገው መጠንና ጊዜ ላይገናኙ ይችላሉ። ረጊው ግን ሁለቱንም በመረቡ ይዞ እብጠቱ አጠገብ ይቀመጣል። ትንሹ ሞለኪውል በመረቡ ቀዳዳ ፈጥኖ ይወጣል፤ ትልቁ፣ ለምሳሌ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሰው ፀረ እንግዳ አካል፣ መረቡ እስኪሟሟ ይዘገያል። በዚህ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የካንሰር ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ሲሞቱ የሚተዉት ምልክት መከላከያ ሕዋሳትን ይጠራል፤ ሁለተኛው መድኃኒት የሚደርሰውም ያኔ ነው። ሐሳቡ በእውነት ያምራል።

ሆኖም ከልክ በላይ ተስፋ መስጠት በደል ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው ጄልማይቶ የተባለው ረጊ፣ ማይቶማይሲን የተባለውን አንድ መድኃኒት ብቻ የያዘ ነው። ቀዝቅዞ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይኛው የሽንት መስመር ይገባል፣ እዚያ ይረጋል፣ ከዚያ በሽንት እየሟሟ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ሕክምና አጣምረው የሚይዙት ረጊዎች በአብዛኛው ገና በአይጥ ላይ እየተሞከሩ ናቸው። ቢሳካላቸውም እንኳ የሚጠቅሙት በዋናነት መርፌ ለሚደርስበት እብጠት ነው።

ታዲያ ቃሉን ከአሁኑ ማበጀት ለምን አስፈለገ? በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥን ሐኪም ትምህርቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲገባ ግን ከፊቱ የምትቀመጠው የዱራሜ፣ የሺንሺቾ ወይም የሾኔ እናት ናት። ስለ ገዛ ሰውነቷ የሚነገራትን መረዳት መብቷ ነው። ሀዲይሳና ከምባትሳ ተናጋሪዎችም፣ ስለ መርጋት የምትሉትን ቃል ከየቤታችሁ አውጡና ለሐኪሞቻችሁ ስጡ፤ ከእኔ አማርኛ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ይህን መድኃኒት እጠብቃለሁ ብላ አንድ ቀን እንኳ አትቆይ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ፤ ዛሬ ያለው ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት በጊዜ ለደረሰ ሰው ይሠራል።