ጣራ ላይ ላለው ሶላር ማጥፊያው የት ነው?

የአዲስ አበባ ሰው «መብራት ሄደ» ሲል ሽቦው በድን ሆኗል ማለቱ ነው። ከአባ ሳሙኤል ግድብ ዘመን ጀምሮ የለመደው ኤሌክትሪክ ከሩቅ የሚመጣ፣ ከሩቅም የሚቋረጥ ነው። ሶላር ይህን ልማድ ገልብጦታል። ብሬከር ቢወርድ፣ መብራት ኃይል መስመሩን ቢቆርጥ እንኳ፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ከፓነሉ የሚወርደው ሽቦ ቮልቴጅ አለው።

ጥያቄው በአገራችን ሳይነሳ የቆየው በምክንያት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ሚቶ በተባለች የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት ሶላር ተተክሎ ለ300 ያህል ቤተሰብ መብራት ሲሰጥ፣ ኃይሉ የሚመነጨው አንድ ቦታ ነበር። ከዚያ በኋላ በየገጠሩ የተዳረሱት የቤት ሶላሮች ደግሞ በአብዛኛው 12 ቮልት ባትሪ ሞልተው ጥቂት አምፖል የሚያበሩ፣ ሞባይል ቻርጅ የሚያደርጉ ናቸው። ሶላር አይነዝርም የሚለው እምነት ከዚያ ቢመጣ አይገርምም።

ከተማ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ለማስነሳት 10 ትልልቅ ፓነሎች በተከታታይ ሲቀጠሉ ከ400 ቮልት በላይ ይሰጣሉ፤ ያውም ዲሲ። የመብራት ኃይሉ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ፣ ማጥፊያው ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ ወዲያው ይሞታል። ዲሲ ዜሮ የለውም፤ ብልጭታው ክፍተቱን ይዞ መንደዱን ይቀጥላል። ለዲሲ ያልተሠራ ርካሽ ብሬከር ለዚህ መስመር ማጥፊያ ሳይሆን ክብሪት ነው።

ሀብታሞቹም የተማሩት በእሳት ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ ለሶላር የራሱን አንቀጽ የሰጠው በ1984 ነበር። በመስከረም 2013 ግን ኒው ጀርሲ ውስጥ ከ7,000 በላይ ፓነል የተሸከመ የሥጋ ማከማቻ መጋዘን ሲቃጠል፣ እሳት አደጋዎቹ ጣራው ላይ መውጣት አልቻሉም። የ2014ቱ ኮድ ከጣራ የሚወርደው ሽቦ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ30 ቮልት እንዳይበልጥ አዘዘ። የአውስትራሊያው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ2012 የወጣው ደረጃ እያንዳንዱ ቤት ጣራው ላይ፣ ከፓነሉ አጠገብ፣ የዲሲ ማጥፊያ እንዲያስገባ አስገደደ። ፀሐይ አነቀዘው፣ ዝናብ ገባበት፣ ለደህንነት የተሰቀለው ሳጥን ራሱ እሳት ማስነሳት ጀመረ። በ2021 ግዴታው ተነሳ።

እንግዲህ ጌጃ ሰፈርን በመሰለ የልደታ አሮጌ ሰፈር ይታሰብ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደራርቧል፣ የአንዱ ግድግዳ የሌላው ግድግዳ ነው፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ያድራል። 939 ተደውሎ የመጣው እሳት አደጋ መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃ ብቻ አይደለም፤ የቱ ሽቦ ሕያው እንደሆነ ማወቅም አለበት። ማጥፊያው ለዲሲ የተሠራ፣ ከዝናብ የተጠለለ፣ ከቆጣሪው አጠገብ የሰው እጅ የሚደርስበት ቦታ የተገጠመ፣ «የሶላር ማጥፊያ» ተብሎ በአማርኛ የተጻፈበት ሊሆን ይገባል። ጎረቤትም ይወቀው፤ ባለቤቱ ሥራ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጠፍቶም ቢሆን ከፓነሉ እስከ ማጥፊያው ያለው ሽቦ ሕያው ነውና ያ ሽቦ ከቤት ውጭ ይውረድ።

ሌላም አለ። ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ቼንጅ ኦቨር የሚያስገባው ኃይሉ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ እንዳይወጣ ነው። ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ቤትም ያው ነው። ያለ ቼንጅ ኦቨር ከተቀጠለ፣ ሰፈሩ ጨልሞ ሳለ ፖል ላይ የወጣው ሠራተኛ የሞተ የመሰለውን ሽቦ ይጨብጣል።