ሆድ ላይ የሚወጋው የደም ማቅጠኛ መርፌ ጽንሱን ይነካል?

አይነካም። ኢኖክሳፓሪን፣ ብዙዎች ክሌክሳን የሚሉት፣ መርፌው አጭር ነው፤ ከቆዳ ስር ካለው ስብ አያልፍም። መድኃኒቱም የእንግዴ ልጁን ተሻግሮ ጽንሱ ጋ አይደርስም። የሚዋጠው ዋርፋሪን ግን ይሻገራል፤ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ሊጎዳው ይችላል። እሱን የምትወስዱ ካላችሁ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

የተወጋችሁበት ቦታ ቢበልዝ የተለመደ ነው፣ አትሹት ብቻ። እኛን የሚያሳስበን ፈርቶ መርፌውን በራስ ውሳኔ ማቆም ነው። በእርግዝና ደም በቀላሉ ይረጋል፤ ስጋቱ ከወለዱም በኋላ ሳምንታት ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ መርፌው እስከ 6 ሳምንት ይቀጥላል።

ምጥ ከጀመረ ግን ቀጣዩን ሳትወጉ ሆስፒታል ሂዱ። የመጨረሻውን ስንት ሰዓት እንደተወጋችሁ ንገሯቸው፤ የጀርባ ማደንዘዣ የሚሰጡት ያንን አይተው ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።