ከሐራ ሽቅብ፦ የላስታ ዋሻዎች ቅኝት

ሐራ ገበያ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በባቡር ነው፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ መድረሻው እሷ ናት። ወልዲያን አልፎ ወደ ላስታ ደጋ ለሚወጣ ሰው ግን ከሐዲዱ እጅግ የቀደሙ መድረሻዎች አሉ፤ ዋሻዎቹ።

ከሁሉም ይምርሐነ ክርስቶስ ይበልጥብኛል። ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ከዚያ በጽድ ደን መካከል በእግር ሽቅብ ይወጡታል። ብዙ ሰው “ከአለት የተፈለፈለ” ይለዋል፤ ስሕተት ነው፤ የግንበኛውንና የአናጢውን ድካም ያስቀራል። ዋሻው የተፈጥሮ ነው፤ በውስጡ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግን ታነጸ እንጂ አልተወቀረም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥም ካህንም የነበረው የዛጕዌው ይምርሐነ ክርስቶስ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እያስደረደረ የአክሱምን የግንብ ስልት ላስታ ላይ አቆመው። ዝናብ አያገኘውምና እንጨቱ እስከ ዛሬ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የጥንት ምዕመናን አስከሬን ተደራርቦ ይታያል፤ እዚያ ሲደረስ ወሬ ይቆማል።

በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ሦስት ትልልቅ መርከቦች ከነምሰሷቸው ይገቡበታል ሲል ስለ ዋሻው ጽፏል። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ሌላ በምን ይለካ!

ለላሊበላ ቅርብ የሆነው ናኩቶ ለአብም ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። እዚያ ጠበሉ ከምንጭ አይቀዳም፤ ከዋሻው ጣሪያ እየተንጠባጠበ የድንጋይ ገበቴዎች ላይ ይጠራቀማል።

ዋሻ የአንድ ሃይማኖት ርስት አይደለም። ባሌ ውስጥ ወይብ ወንዝ የቦረቦረው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሶፍ ዑመር በአንድ ሼኽ ስም ይጠራል፤ ሙስሊሞችም ይዘይሩታል። የመጀመሪያው ወሕይ የወረደው በመካ አጠገብ በሒራ ዋሻ ነው፤ ቤተልሔም ውስጥ ክርስቶስ ተወለደበት የሚባለውም ዋሻ ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ለሚኖሩበት ወሎ ይህ አዲስ ወሬ አይሆንም።

ይምርሐነ ክርስቶስ የምትሄዱ ከሆነ ባትሪ ያዙ፤ የውስጡ የእንጨት ጣሪያ ጌጥ በጨለማ አይታይም። ጧፍ ከያዛችሁ ግን ከእንጨቱ አርቁት።