የከተማ ቀለብ ዋጋ፦ ከጎጃም ኮታ እስከ ሴፍቲኔት

በኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የከተማ ቤተሰቦች ምግብ በርካሽ እንዲያገኙ መንግሥት በሰፊው መደጎም የጀመረው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሶ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀ። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌዎች የኅብረት ሱቅ ከፈቱ፤ ነዋሪውም እህል፣ ስኳርና ዘይት በካርድ፣ ከነፃው ገበያ ባነሰ ዋጋ ይገዛ ጀመር። ሱቁ ድሃና ሀብታም አይለይም ነበር፤ የቀበሌው ነዋሪ መሆን ይበቃል።

ለሱቆቹ እህል የሚያቀርበው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ሠራዊቱንና ሆስፒታሎችንም ስለሚቀልብ የሚያስፈልገው እህል ብዙ ነበር፤ በዋናነት የሚሰበስበውም ትርፍ አምራች ከሚባሉት ከጎጃም፣ ከአርሲና ከሸዋ ነው። በጎጃም፣ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ በሚመረትበት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ገጠርም የዚሁ ቀለብ ምንጭ ሆነ። ገበሬው መንግሥት በወሰነው ዋጋ ለድርጅቱ እንዲሸጥ የሚገደድበት የእህል መጠን፣ ማለትም ኮታው፣ ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ ወረዳና ወደ ገበሬ ማኅበር እየተደለደለ ወርዶ በእያንዳንዱ ገበሬ ላይ ያርፋል። ምርት ያነሰው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። በሌላ ቦታ ነጋዴው ከገዛው እህል ከፊሉን ለድርጅቱ ሲያስረክብ በጎጃምና በአርሲ ሁሉንም እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ በየመንገዱ የቆሙ ኬላዎችም እህል በግል ንግድ እንዳይወጣ ይቆጣጠሩ ነበር። የቀበሌ ሱቁ ቅናሽ በአመዛኙ የወጣው ከገበሬው ጎተራ ነው።

የአትክልትና የፍራፍሬ አቅርቦት በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የአትክልትና ፍራፍሬ ንግድ ድርጅት፣ በተለምዶ ኢትፍሩት፣ እንደ አዋሽ ሸለቆ ብርቱካን ያለውን የመንግሥት እርሻ ምርት በአዲስ አበባ በራሱ ሱቆች ይሸጥ ነበር። የመንግሥት እርሻዎች ሲከስሩ ኪሳራው በመንግሥት በጀት ይሸፈን ስለነበር፣ የብርቱካኑ ድጎማ እንደ እህሉ በአርሶ አደሩ ላይ አልወደቀም።

የእህል ኮታ በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ከቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ጋር ቀረ። ገበሬው ምርቱን ለፈለገው ሲሸጥ የከተማው ድሃ ደግሞ የገበያውን ዋጋ ብቻውን ተጋፈጠ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት ከውጭ ስንዴ ገዝቶ ለከተማ ድሆች በድጎማ አከፋፈለ፤ በምግብ እህል ላይ የነበረውንም ተጨማሪ እሴት ታክስ አነሳ። ማከፋፈሉን እየተረከቡ የመጡት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147 መሠረት የተደራጁ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። በዚሁ አዋጅ ገበሬውም እንደ ዳሞትና መርከብ ባሉ የጎጃም ዩኒየኖች ተደራጀ፤ ዩኒየንና ሸማች በቀጥታ ሲገበያዩም በመካከል ያለው የደላላ ድርሻ ይቀንሳል። አምራቹ ለሸማቹ በቀጥታ የሚሸጥባቸው የእሁድ ገበያዎችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ሌላው ለውጥ ድጎማውን ከሸቀጡ ወደ ቤተሰቡ ማዞር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች በሕዝባዊ ሥራ ለተሰማሩ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይከፍላል፤ አቅም ለሌላቸው ደግሞ ያለ ሥራ ይሰጣል። በአማራ ክልል በአብዛኛው የሚተገበረው እንደ ወሎና ዋግ ኽምራ ባሉ አካባቢዎች ስለሆነ ምዕራብ ጎጃም በአመዛኙ ከመርሃ ግብሩ ውጭ ነው። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች፣ 604,000 ሰዎችን ለመርዳት ታቅዶ ተጀመረ፤ ከተመደበለት 450 ሚሊዮን ዶላር 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ ቀሪው ከመንግሥት ነው። ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ነበረች። ድጎማን በሸማቹ እጅ መስጠት በሌላ አገርም አለ፤ በአሜሪካ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች ከገበሬ ገበያ ትኩስ አትክልት የሚገዙበት ኩፖን በመንግሥት ይሰጣል፤ ሻጩም ሙሉ ዋጋውን ያገኛል።

የኮታው ዘመን ሸማቹን በአምራቹ ኪሳራ ደገፈ፤ ገንዘብ ለቤተሰብ የሚሰጥ ድጎማ ግን ወጪውን በመንግሥት በጀት ላይ ጥሎ ለገበሬው የገበያ ዋጋውን ይተውለታል። ለድሃው ማዕድም ለጎጃም ማሳም የሚበጀው ይኸኛው መንገድ ነው።