ትዝታና ብሉዝ

ትዝታ በአማርኛ ሙዚቃ ሁለት ነገር ነው። በአንድ በኩል ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው፤ በሌላ በኩል በዚያ ቅኝት የሚዜም፣ ያለፈ ፍቅርንና የራቀ ሰውን እያነሳ የሚያንጎራጉር የዘፈን ዓይነት ነው። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያናግረው ፍቅረኛውን ሳይሆን ትዝታን ራሱን ነው። እንደ እንግዳ ይቀበለዋል፣ እንደ ባለዕዳ ይወቅሰዋል፣ ሲቀርበት ደግሞ ይናፍቀዋል። ይህ ዘፈን በውጭ አገር አድማጮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ተብሎ ይታወቃል። ስያሜውን በሰፊው ያሰራጨው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የሙዚቃ ስብስብ ሲሆን፣ አሥረኛው ቅጽ ትዝታን ከብሉዝ ጋር በአንድ ርዕስ አስቀምጦ ወጥቷል። ስያሜው ግማሽ እውነት አለው። በስሜት የብሉዝ ዘመድ ትዝታ ነው፤ በድምፅ ደረጃ ግን የቅርብ ዘመዱ ሌላ ቅኝት ነው።

ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ በደቡባዊ አሜሪካ፣ በተለይ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለው የጥጥ አገር ተወለደ። ነፃ የወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም። የእኩል አራሽ ሆኖ በዚያው እርሻ ላይ ቀረ፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲተሳሰብም ብዙውን ጊዜ ከባለመሬቱ ዕዳ አይወጣም ነበር። በባርነት ዘመን በማሳ ላይ ሲጮኽ የኖረው የሥራ ዜማ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው መዝሙርና የግለሰቡ እሮሮ ተገናኝተው ብሉዝ ሆኑ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ቀለምን ከሐዘን ጋር ከሚያያይዝ አነጋገር የመጣ ነው። የተለመደው ቅርጹ በ12 ባር፣ ማለትም በ12 እኩል የምት ክፍሎች ይለካል። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ በሦስተኛው ስንኝ ነገሩን ይቋጨዋል። በስንኞቹ መካከል ጊታር ድምፁን ተቀብሎ ይመልሳል። ባሮቹን የሚሸከሙት በመሠረቱ ሦስት ኮርዶች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሰሙ የድምፅ ስብስቦች፣ ብቻ ናቸው፤ ለዚህም ነው ጊታር የሚማር ወጣት ብዙ ጊዜ በብሉዝ የሚጀምረው።

የማሳው ዜማ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር እንግዳ ነገር አይደለም። ከጉና ተራራ ግርጌ ካለው ደጋ አንሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ እስከሚወርደው የስማዳ ቆላ ድረስ ገበሬ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ያርሳል፣ እየጠራም ያንጎራጉራል። ሴት በእጅ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈጭ በወፍጮው ምት የሆዷን ታወጣለች፤ እረኛ በሸምበቆ ዋሽንት ከአንዱ ተረተር ወደ ሌላው ይጣራል። ይህ ሁሉ በአማርኛ አንድ ስም አለው፦ እንጉርጉሮ። እንጉርጉሮ አድማጭ አይጠብቅም፣ ክፍያም የለውም። ለብሉዝ የአማርኛ አቻ ቃል መፈለግ ካስፈለገ ከትዝታ ይልቅ ይህ ቃል ሳይቀርብ አይቀርም፤ ትዝታ የእንጉርጉሮው አንድ ልጅ ነውና።

ቅኝት ማለት የአንድ ዜማ ድምፆች የሚመረጡበትና መሣሪያው የሚቃኝበት ሥርዓት ነው። አራቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ አራቱንም በጥቅሉ የወሎ ቅኝት የሚላቸው ሰው ብዙ ነው። ላይ ጋይንት በጨጨሆ በኩል ከመቄት፣ ማለትም ከወሎ ጋር ስለሚዋሰን ዜማውም እንደ ነጋዴው ወሰኑን ሲሻገር ኖሯል። ከዶ የሚነሳ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚና ላ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ማይነር የሚባለው ትዝታ ይሆናል፤ ሐዘኑ የሚጠልቀው በዚህኛው ነው። አምባሰል ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ የወረደ ላ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ የወረደ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ለአውሮፓ ሙዚቃ ለለመደ ጆሮ ከአራቱ ሁሉ እንግዳው እሱ ነው።

ባቲ ማይነር ዶ፣ የወረደ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ የወረደ ሲ ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች የብሉዝ ጊታር ተጫዋች በመጀመሪያው ሳምንት የሚማራቸው አምስት ድምፆች ናቸው፤ አንድም አይጎድል፣ አንድም አይተርፍ። ብሉዝ በላያቸው የሚጨምረው በፋና በሶል መካከል ያለውን የወረደ ሶል ነው። ይህ ድምፅ ማረፊያ አይደለም፤ ጣት አልፎት የሚሄድ፣ ሲያልፍም የሚያቃስት ድምፅ ነው። ስለዚህ በክራር ባቲ ማይነርን የሚጫወት፣ የጋይንቷ የነፋስ መውጫ ልጅ የብሉዝን ቋንቋ ሳያውቀው ይናገራል፤ ትዝታ ማይነርን ሲጫወት ግን በብሉዝ ውስጥ ወደሌለ ቤት ይገባል። ሁለቱ አገሮች ከአንድ ምንጭ ቀዱ ለማለት ይህ መመሳሰል አይበቃም። ባለአምስት ድምፅ ስኬል ከቻይና እስከ ስኮትላንድ አለ። በሌላ በኩል ባህላዊ ትዝታ ኮርድ የለውም፤ አንድ የዜማ መስመር ነው። ኮርድ የመጣለት ባንድ ሲመጣ ነው።

ግጥሙም በራሱ መንገድ ይሄዳል። በአማርኛ ዘፈን በብዛት የሚሠራበት የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ ስድስት ላይ ተነፍሶ ስድስት ይከተላል። የብሉዙ 12 ባርና የወል ቤቱ 12 ቀለም በአጋጣሚ የተገጣጠሙ ቁጥሮች ናቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ብሉዝ ስንኝ ሲደግም የአማርኛ ግጥም ቤት እየመታ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሄዳል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በግጥሙ ሥር ያለው ሁለተኛ ትርጉም ነው። ጥቁሩ ዘፋኝ ስለ ክፉ ፍቅረኛ ሲዘፍን ስለ ክፉ አሠሪ ሊሆን ይችላል፤ አዝማሪውም በሰሙ ሥር ወርቁን ይቀብራል።

የትዝታ ዋና ባለሙያ አዝማሪ፣ ዋና መሣሪያውም ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፤ ክሩ ከፈረስ ጭራ የተጎነጎነ ነው። ከአራት እንጨት የሚገጠመው ባለአራት ማዕዘን ሣጥን በቆዳ ይለበጣል፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ሆኖ እንዳያንሸራትት ዕጣን ይቀባል። ተጫዋቹ ክሩን በዘንጉ ላይ አይጫነውም፤ በጣቱ ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ ድምፁ እንደ ጊታር በብረት መስመር አልተከፋፈለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፣ ይርገበገባል፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ይሰበራል። የሚሲሲፒ ጊታረኞች ይህንኑ ለማግኘት ክሩን በጣት ማጉበጥ ወይም የጠርሙስ አንገት በጣት ላይ አጥልቆ በክሩ ላይ ማንሸራተት ነበረባቸው።

የአዝማሪ ሙያ በዘር ይወርዳል። በጎንደር ከተማ አቅራቢያ ያለው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ሆኖ የታወቀ ነው፤ አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ሥውር ቋንቋም አላቸው። በጥር የሰርግ ወቅት አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቦ ከድግስ ድግስ ይዞራል። ተጋባዡ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ አድርጎ ይመልሳል፣ ብሩም በግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ሰው ያለ እሱ አይደግስም፤ ልጁን ግን አይድርለትም ነበር። ጊታሩን ይዞ በባቡር ከከተማ ከተማ ይዞር የነበረው የብሉዝ ዘፋኝም እንዲሁ ቅዳሜ ማታ ይፈለግ፣ እሑድ ጠዋት ይሸሽ ነበር፤ ሃይማኖተኛው ሙዚቃውን የሰይጣን ይለዋልና።

በጋይንት ይህ የመንፈሳዊና የዓለማዊ ዜማ ፍጥጫ ልዩ ገጽታ አለው። አገሩ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ማዕከል ነው። ድጓ የሚመሰከረው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው በዙር አምባ ነው፤ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ዓመታት ቆይቶ መምህር ተብሎ የሚመለስባቸው ናቸው። ዝማሬ ከቁርባን ጋር የተያያዘ ዜማ ነው፣ መዋሥዕት ደግሞ የሙታን ዜማ ነው። «ዝማሬ» እና «አዝማሪ» ከአንዱ «ዘመረ» የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ በቅኔ ማኅሌት ከብሮ ሲቆም ሌላው በዳሱ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አሜሪካም ውስጥ ቤተ ክርስቲያንና ብሉዝ በአንድ ጣራ ሥር እየተጠላሉ አደጉ። በብሉዝ ስሙን ያስጠራው ቶማስ ዶርሲ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የጎስፔል መዝሙር አባት ተብሏል፤ ዜማውን ግን ጥሎ አልሄደም፣ ይዞት ገባ።

የአዝማሪን አንደበት ኃይለኞች ይፈሩት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የጣሊያን ጦር ካሳደዳቸውና ካስገደላቸው መካከል ባሕታውያን፣ ጠንቋዮችና በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች ይገኙበታል። ጋዜጣ በሌለበት አገር ወሬና ተስፋ የሚያዞረው ማሲንቆ መሆኑን ወራሪው በሚገባ ተረድቶት ነበር።

በሸክላ መቀረፅን በተመለከተ ኢትዮጵያ ቀድማለች። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን በተላኩ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርፀዋል። ብሉዝ በጥቁር ሴት ዘፋኝ ድምፅ በሸክላ የወጣው በ1920 ነው፤ ዘፋኟም ማሚ ስሚዝ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ብሉዝ ሮጠ። ሮበርት ጆንሰን በ1936 እና በ1937 ብቻ 29 ዘፈኖች ቀርፆ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። ማዲ ወተርስ በ1943 ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ተሰደደ፤ በፋብሪካው ከተማ ጫጫታ ውስጥ ለመሰማት ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ። ሮክ ኤንድ ሮል፣ ሶል፣ በከፊልም ጃዝ ከዚህ ግንድ የበቀሉ ናቸው። በ1962 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ሮሊንግ ስቶንስ ስሙን የወሰደው ከማዲ ወተርስ ዘፈን ነው። በምዕራብ አፍሪካም የማሊው ዓሊ ፋርካ ቱሬ የብሉዝ ጊታርን ከአገሩ ዜማ ጋር ስላዋደደ ወንዙ ወደ ምንጩ ተመለሰ ያሉ ብዙ ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ብሉዝ የገባው በቀጥታ ሳይሆን በልጁ በሶል ሙዚቃ በኩል ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሸክላዎችና አስመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የወጣቱን ጆሮ ከፈቱ፤ ዓለማየሁ እሸቴ የጄምስ ብራውንን አዘፋፈን ወደ አማርኛ አመጣው። አምሐ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሐ ሪከርድስ የዚያን ዘመን ድምፅ በሸክላ አስቀመጠ። ሙላቱ አስታጥቄ አራቱን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርድ ጋር አስማምቶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ፤ የሱ ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ከተሰማ በኋላ የቅኝት ድምፅ ለማያውቀው ዓለም ደረሰ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን አስጮኸው። ትዝታ ግን በባንዱም ውስጥ አልተለወጠም ማለት ይቻላል፤ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ የማሲንቆውን ቦታ ያዙ እንጂ።

ለጀማሪ አድማጭ የሚበጀው አንዱን ትዝታ በብዙ ሰው ድምፅ መስማት ነው። አስናቀች ወርቁንና ካሣ ተሰማን በክራር፣ ሰይፉ ዮሐንስንና ማሕሙድ አሕመድን በባንድ፣ ጎንደር የተወለደችውን አስቴር አወቀንና በዛወርቅ አስፋውን በዘመናዊ ቅንብር ቢያዳምጥ፣ ቅኝቱ አንድ ሆኖ ሐዘኑ ስድስት ሲሆን ይሰማዋል። ከዚያ ወደ ሮበርት ጆንሰን፣ ወደ ቢ. ቢ. ኪንግ ቢሻገር መንገዱ ረጅም አይሆንም፤ የቢ. ቢ. ኪንግ ጊታር ከአዝማሪ ማሲንቆ ጋር ባሕርይ ይጋራል፣ ዘፋኙ ዝም ሲል ይቀጥላልና።

መጫወት ለሚሻ ደግሞ ክራር ይቀላል። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በኦክታቭ ይደግማል። በመጀመሪያ በትዝታ፣ ቀጥሎ በባቲ ማይነር ይቃኛል። በባቲ ማይነር ሲደረስ ብሉዝ እጅ ላይ ነው፤ ከዚያች አላፊ ድምፅ፣ ከወረደው ሶል በስተቀር። ለእሷ ክራር ላይ የተመደበ ክር የለም። በማሲንቆ ላይ ግን ጣት ከፋ ወደ ሶል ሲንሸራተት ትሰማለች።